ስቱኮ የማይገባበት ጥገና

ባለፈው ወር እንግዳ ልቀበል ወደ ሀዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ስሄድ የኮንትራት መኪናዋ ሾፌር የጠየቀኝ ጥያቄ ይህን ጽሑፍ አስጻፈኝ። የመኪናዋ የግራ በር ቀለም ከሌላው አካሏ ትንሽ ይደምቃል። ተጋጭታ ነበር፤ ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተሞልቶ፣ ተለስልሶ ተቀብቷል። ሥራው መጥፎ አይደለም፤ በእጅ ካልተዳሰሰ በቀር እንከኑ አይታይም። ከአዲስ አበባ የመጣው ኪው-400 አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ሾፌሩ ቀና ብሎ አየውና፣ «ጋሼ፣ የእሱስ አካል ሲጎዳ ምን ያደርጉታል? እንደኛው ቀጥቅጠው ስቱኮ ይሞሉታል?» አለኝ።

«አይሞሉም» አልኩት። ከዚያ በላይ ለማስረዳት መንገዱ አጠረኝ። ነገሩን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳብላላው ቆየሁ። ሾፌሩ ሳያውቀው የአንድን ሙያ ዋና ጥያቄ ነው ያነሳው። የተጎዳ አውሮፕላን መቼ ይጠገናል፣ መቼስ ይጣላል? አካሉ ተፈትቶና ተቆርጦ እንደገና ሲገጠም በምን እናምነዋለን? እኛ ኢትዮጵያውያንስ በዚህ ሙያ ውስጥ የት ነን?

የጭነት መኪና ሻንሲ አለው። ሸክሙን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ካቢናው ቢሰረጉድም ሻንሲው እስካልታጠፈ ድረስ መኪናው ሥራውን ይሠራል። አውሮፕላን ሻንሲ የለውም፤ ቆዳው ራሱ አጥንት ነው። በውስጥ በኩል ክብ ጎድኖች አሉት፣ በርዝመቱ ደግሞ ቀጫጭን ማገሮች ያልፋሉ። ቆዳው ከሁለቱ ጋር በብዙ ሺህ ሪቬት ይሰፋና ሦስቱ እንደ አንድ አካል ሸክሙን ይካፈላሉ። የሲዳማን የቀርከሃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እዚያ ቤት ላይ የተሸመነው ቀርከሃ ሽፋንም ነው፣ ተሸካሚም ነው፤ ከመካከሉ ጥቂቱን ቆርጦ ያወጣ ሰው ቀዳዳ ብቻ አይከፍትም፣ ቅርጹንም ያዛንፋል።

የቆዳው ስስነት ደግሞ ያስገርማል። በቦይንግ 737 አካል ላይ ብዙ ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጄቱ ከፍ ሲል የውጪው አየር ይሳሳል፤ የውስጡ ግን ለመንገደኛው ትንፋሽ ሲባል ታምቆ ይያዛል። በዚህ የተነሳ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቆዳ ላይ 5 ቶን ያህል ግፊት ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋል፤ አውሮፕላኑ ሲወርድ ይለቀቃል። እንደ አንጥረኛ ወናፍ በየበረራው አንዴ ይነፋል፣ አንዴ ይተነፍሳል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ የአውሮፕላን ብረትም በዚህ ይዝላል። ስለዚህ የአውሮፕላን ዕድሜ በዓመት ብቻ አይቆጠርም፤ በሰዓትም፣ በበረራ ብዛትም ይቆጠራል። የሀዋሳ በረራ አጭር ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ለ40 ደቂቃም ይሁን ለ14 ሰዓት፣ አንድ መነፋት አንድ መነፋት ነው።

እንዲህ ያለ አካል ሲጎዳ የመጀመሪያው ሥራ መጠገን ሳይሆን መደገፍ ነው። አውሮፕላኑ ሀንጋር ገብቶ በክሪክ ይነሳል፤ ከሆዱና ከክንፉ ሥር በቅርጹ ልክ የተሠራ ድጋፍ ይገባለታል፤ ከዚያ ቀጥ ማለቱ ይለካል። ድሮ በቱንቢና በክር ይለካ የነበረው ዛሬ በጨረር መሣሪያ ይለካል። ይህ የጥንቃቄ ማብዛት አይደለም። አንድ ጎድን ሳይደገፍ ቢወጣ የቀረው አካል በጥቂት ሚሊ ሜትር ይረግባል። አዲሱ ጎድን በዚያ ላይ ከታሰረ ጠማማነቱ ለዘለዓለም ተሰፋ ማለት ነው። አውሮፕላኑ ይበር ይሆናል፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳይታሰብ የተሸከመው ተጨማሪ ውጥረት አለ፣ ያም ውጥረት አንድ ቀን ስንጥቅ ይወልዳል።

ቀጥሎ ጉዳቱ እስከ የት እንደደረሰ ይፈለጋል። ጅራቱ አስፋልት የነካ አውሮፕላን ሆዱ ላይ ጭረት ይታይበታል፤ ግፊቱ ግን ራቅ ብሎ የውስጡን ግድግዳ አጣሞት ሊሆን ይችላል። የተመታው እዚህ፣ የታመመው እዚያ። ስለዚህ ቀለሙ ይነሳል፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርግ ቀለም ይቀባል፣ በኤሌክትሪክ ሞገድ፣ በድምፅ ሞገድ፣ በራጅ ይመረመራል። የተገኘው ነገር ሁሉ ይለካል። የስርጉዱ ጥልቀት ስንት ነው? ስፋቱስ? ከቅርቡ ጎድን ምን ያህል ይርቃል? እያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የራሱ የአካል ጥገና መመሪያ አለው። ጉዳቱ ከተፈቀደው ወሰን በታች ከሆነ ይመዘገባል እንጂ አይነካም። ከወሰኑ ካለፈ መመሪያው የሚያዘው ጥገና አለ። ከመመሪያውም ካለፈ ነገሩ ወደ ሠሪው ፋብሪካ መሐንዲሶች ይሄዳል፤ ለዚያች አንዲት አውሮፕላን ብቻ የሚሆን ጥገና እንደ አዲስ ይሰላል። ባለሙያው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን በራሱ ግምት አንዲት ሪቬት እንኳ መጨመር አይፈቀድለትም።

ከዚያ በኋላ ነው ትራፓኖ የሚነሳው። የድሮው ሪቬት ጭንቅላት ተበስቶ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይመረመራል፣ ካስፈለገ በአንድ ደረጃ ሰፍቶ ወፈር ያለ ሪቬት ይገባበታል። የቀዳዳው መሐል ከብረቱ ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ ከዚያ ከቀረበ ጠርዙ ይቀደዳል። ልብስ ሰፊ መርፌውን ከጨርቁ ጫፍ እንደሚያርቀው ማለት ነው። አዲሱ ብረት ተቆርጦ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ፀረ ዝገት ይቀባል፣ ማሸጊያ ይደረግለታል፣ ከዚያም ይሰፋል።

ስፌቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በውጪ ቆሞ በአየር መዶሻ ይመታል፤ ሌላው ከውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወይም በጀርባው ተኝቶ፣ ከባድ ብረት ደግፎ የሪቬቱን ጭራ ያደቅቃል። በመካከላቸው ቆዳው ስላለ አይተያዩም፤ በጫጫታው የተነሳም አይደማመጡም። ስለዚህ ብረቱን በማንኳኳት ይነጋገራሉ፦ በዚህ ቁጥር «ጨምር»፣ በዚያ ቁጥር «በቃ»፣ በሌላው «ተበላሽቷል፣ አውጣው»። በዚህ ሙያ ውስጥ እጅግ የምወደው ነገር ይህ ነው። ከውስጥ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ተሳስቶ ማንኳኳት የነበረበትን ቢተወው፣ ከውጪ ያማረው ስፌት በስተውስጥ የተበላሸ እንደሆነ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ አይኖርም።

ትልቁን ጥገና ሁልጊዜ አደጋ አያመጣውም። አብዛኛው የአካል መፈታት የሚመጣው በቀጠሮ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ አውሮፕላን ወንበሩ፣ ወለሉ፣ የውስጥ ሽፋኑ ሁሉ ወጥቶ እስከ አጥንቱ ይራቆታል። ያኔ ከሽንት ቤቱና ከማዕድ ቤቱ ወለል ሥር ውኃ ሲያንጠባጥብ የኖረበት ቦታ ዝገት ይገኛል። ዝገት ልክ እንደ ብል ነው፤ ተፍቆ ጤናማው ብረት እስኪገኝ ይወጣል፣ ብረቱ ከሳሳ ይቀየራል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787፣ መለያዋ ኢቲ-ኤኦፒ፣ ሰው ሳይኖርባት ቆማ ሳለ ከጅራቷ ፊት ካለው ጣሪያ ጭስ ወጣ። ኢትዮጵያ ይህን ዓይነት አውሮፕላን ከአፍሪካ ቀድማ፣ ከዓለምም ከጃፓን ቀጥላ የተረከበችው ገና ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነበር። እሳቱ በተነሳበት ዓመት ጥር ላይ የዓለም 787ዎች ሁሉ በዋና ባትሪዎቻቸው ችግር ለሦስት ወር ያህል ከበረራ ታግደው ነበር፤ እገዳው ሲነሳ በ787 መንገደኛ ጭኖ ቀድሞ የበረረው አየር መንገድ የእኛው ነው። ስለዚህ የሂትሮው ጭስ ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ የፈጠረው ድንጋጤ ቀላል አልነበረም።

እሳቱ የዋናዎቹ ባትሪዎች አልነበረም። አውሮፕላን ቢወድቅ ያለበትን ቦታ በሬድዮ የሚጠቁም አንድ ትንሽ መሣሪያ ጣሪያው ውስጥ አለ፤ የእሱ የሊቲየም ባትሪ ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተጣምረው ተጨፍልቀው ነበር። ከዚያ አጭር ዙር ተፈጠረ፣ ባትሪው ነደደ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በእጅ ማጥፊያ ሞከሩት፤ አልጠፋ ሲል የጣሪያውን ሽፋን አንስተው በውኃ አጠፉት። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች የመጨረሻ ዘገባቸውን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲያወጡ ምክንያቱን በዝርዝር አስቀምጠውታል። የጨፈለቀው ክዳን ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ የተለጠፈባትን አውሮፕላን ያቃጠላት በአግባቡ ያልተቀመጠ ሁለት ቀጭን ሽቦ ነው።

የዚህ እሳት ትልቁ ጣጣ ግን የተቃጠለው ነገር ምንነት ነበር። የ787 ግማሽ ያህል ክብደት ብረት አይደለም፤ ኮምፖዚት ነው። የካርቦን ክር በንብርብር ተደርድሮ በሙጫ ታስሮ በሙቀት የበሰለ አካል ነው። አካሉ እንደ በርሜል ወጥ ሆኖ ስለሚሠራ ተፈትቶ የሚወጣ የቆዳ ሰሌዳ የለውም። ብረት ሲመታ ይሰረጉዳል፣ ሲሞቅ ቀለሙ ይለወጣል፤ ጉዳቱን አይደብቅም። ኮምፖዚት ላዩ ደህና መስሎ በውስጡ ንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል፤ ሙጫው ከነደደም ክሩ ብቻውን ምንም አይሸከምም። በሂትሮው የባትሪው እሳት ያስነሳው ሙቀት ሙጫውን እያበሰበሰ ቆዳው ራሱ ቀስ እያለ ሲጨስ ነበር። በዚህ ዓይነት አካል ላይ ከዘመናዊው የድምፅ ሞገድ ምርመራ ጎን ለጎን ዛሬም የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ፦ በሳንቲም መታ መታ እያደረጉ ማዳመጥ። ጤናማው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ይታፈናል። ሸማች በገበያ ላይ የሸክላ ማሰሮ ሲገዛ የሚያደርገውን ነው የሚያደርጉት።

በዓለም ላይ የዚህን ያህል ሰፊ የ787 አካል ቆርጦ የተካ አልነበረም። ብዙዎች ንግሥተ ሳባ ትጣላለች ብለው ነበር። የቦይንግ ባለሙያዎች እዚያው ሂትሮው ድረስ መጥተው የተቃጠለውን የጣሪያ ክፍል ቆርጠው አወጡት፣ በአዲስ ክፍል ተኩት። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. አውሮፕላኗ ወደ አዲስ አበባ በረረች፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት መንገደኛ አመላለሰች። በእኔ እምነት ይህ ጥገና በአቪዬሽን ታሪክ ውስጥ ከተሰጠው የበለጠ ቦታ ይገባዋል። ወጥ የኮምፖዚት አካል በፋብሪካ ብቻ ይሠራል፣ ሜዳ ላይ አይጠገንም የሚለውን ስጋት በተግባር የመለሰች የኢትዮጵያ አውሮፕላን ናት።

መቼ ይጣላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ባብዛኛው የገንዘብ ነው። የጥገናው ወጪ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ሲበልጥ መድን ሰጪው ይከፍላል፣ አውሮፕላኑ ለመለዋወጫ ይፈታል። አሮጌ አውሮፕላን በመጠነኛ ጉዳት ሲጣል፣ አዲሱ በከባድ ጉዳት ይድናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ሞተሩ በአየር ላይ ፈንድቶ ክንፉን የበሳሳው የካንታስ ኤ380 ለ139 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያህል ተጠግኖ በ2012 ወደ አገልግሎት ተመልሷል።

በምን እናምነዋለን የሚለው ጥያቄ ግን የገንዘብ አይደለም፤ እዚህ ላይ ዓለም የከፈለው ዋጋ የደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 በኦሳካ ሲያርፍ ጅራቱ አስፋልት ነካ። የታመቀውን አየር ከኋላ የሚይዘው ጎድጓዳ ግድግዳ ተጎዳና በፋብሪካው ባለሙያዎች ተጠገነ። ንድፉ የሚያዘው አንድ ወጥ ማያያዣ ሰሌዳ በሁለቱ ብረቶች መካከል እንዲገባና ሸክሙን በሁለት ረድፍ ሪቬት እንዲያስተላልፍ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ሰሌዳውን ለሁለት ቆረጡት። ከውጪ ሲታይ ረድፎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፤ ሸክሙን የሚያስተላልፈው ግን አንዱ ረድፍ ብቻ ሆነ። በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የሠራች ልጅ ይህን ከማንም በላይ ትረዳዋለች፦ ከሁለቱ ስፌት አንዱ ጨርቁን ሳይይዝ በባዶ ቢያልፍ ልብሱ ያው ይመስላል፣ ሲወጠር ግን ይተረተራል። ያ ግድግዳ ለሰባት ዓመት ከ12 ሺህ በላይ በረራ ቻለ። ነሐሴ 12 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ተተረተረ፤ የጅራቱን ክንፍ ገነጠለ፣ የመሪውን ዘይት አፈሰሰ። ከ524 ሰዎች የተረፉት 4 ናቸው።

የታይዋኑ ቻይና አየር መንገድ 747 ታሪክ ይበልጥ ያስቆጫል፤ ምክንያቱም በትክክል ስቱኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሆንግ ኮንግ ላይ ጅራቱ አስፋልት ፋቀ። የተቧጨረው ቆዳ ተቆርጦ መውጣት ሲገባው ከላዩ ሌላ ሰሌዳ ተለበደበት። ጭረቶቹ ሥር ተደብቀው ስንጥቅ ሆኑ፣ ስንጥቁ ተያያዘ፤ ግንቦት 25 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተበታተነ። 225 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከአደጋው በፊት በተነሳ ፎቶ ላይ ከልባዱ ጠርዝ ቡናማ እድፍ ይታያል፤ አጫሾች በካቢን ውስጥ ያጨሱ በነበረበት ዘመን የታመቀው አየር በስንጥቁ ሲሾልክ የተወው የሲጋራ እድፍ ነበር። ምልክቱ ለዓመታት ቆዳው ላይ ነበር። የጥገናው ዝርዝር መዝገብ ደግሞ አልተገኘም። ልባዱ ሥር ምን እንዳለ የሚናገር ወረቀት የለም።

ሦስተኛው የሃዋይ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 የአሎሃ አየር መንገድ 737 የጣሪያው ቆዳ ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት በአየር ላይ ተገነጠለ፤ አንዲት አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ፣ አውሮፕላኑ ግን አረፈ። በደሴቶች መካከል በአጭር በአጭሩ ሲመላለስ ወደ 90 ሺህ ጊዜ በርሯል። በመጋጠሚያው ሙጫው ለቆ፣ ዝገት ገብቶ፣ በየሪቬቱ ጠርዝ ጥቃቅን ስንጥቅ ተሰልፎ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያመኝ ግን አንዲት መንገደኛ ናት፤ ስትሳፈር በበሩ አጠገብ ቆዳው ላይ ስንጥቅ አየች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ለምን አልተናገረችም? እኛ ለዚህ ስም አለን፦ ይሉኝታ። ባለሙያዎቹ ባሉበት እኔ ማን ነኝ ማለት። ይሉኝታ በጎረቤትና በለቅሶ ቤት ያማረ ጠባይ ነው። በሀንጋር ውስጥ ግን ገዳይ ነው። ትራፓኖው የተንሸራተተበት ወጣት አለቃውን አፍሮ ቀዳዳውን በማሸጊያ ቢሸፍነው፣ ታላቁ ባለሙያ የሠራውን ታናሹ «ጋሼ፣ ይቺ ሪቬት ልክ አይደለችም» ለማለት ቢፈራ፣ ያ ከስቱኮ በምን ይለያል? የአውሮፕላን ሕግ ከዚህ የተማረው አለ። በዋና ዋና ሥራ ላይ የሠራው ሰው ይፈርማል፣ ሌላ ሰው አይቶ ይፈርማል፤ የተለወጠው ሁሉ በአውሮፕላኑ መዝገብ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይኖራል። ከእነዚህ አደጋዎች በኋላ በዓለም ዙሪያ በአሮጌ አውሮፕላኖች ላይ ያሉ የድሮ ልባዶች እንደገና እንዲፈተሹ ግዴታ ሆኗል። የተጠገነ አውሮፕላን የሚታመነው ቁስሉን ስላልደበቀ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሙያው ከሚገመተው በላይ የቆየ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ የሠራትና በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን በጣሊያን ወረራ ተወስዳ፣ ከሮም ወጣ ብሎ ባለ ሙዚየም ለዘመናት ቆይታ፣ በጣሊያን አየር ኃይል ታድሳ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፦ የሙዚየም ዕድሳት ለዓይንና ለትዝታ ነው፤ ክብሩ ትልቅ ነው፣ ሸክም ግን አይሸከምም። የሚበር አውሮፕላን ጥገና ሌላ ሙያ ነው፤ በዚያም ኢትዮጵያውያን እጃቸውን አሳይተዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከተመሠረተበት ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካው አየር መንገድ በቲደብሊውኤ ድጋፍ የገቡት ሲ-47 አውሮፕላኖች በአሜሪካውያን ይጠገኑ ነበር፤ ውሎ አድሮ ቦታውን የራሳችን ልጆች ያዙት። በደርግ ዘመን አየር መንገዱ አግ-ካት የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን በአገር ውስጥ ገጣጥሞ «እሸት» ብሎ ሰይሞታል። በቢሾፍቱ ባለው ደጀን የአቪዬሽን ማዕከል ደግሞ የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች እየተፈቱ ይታደሳሉ።

ዛሬ ቦሌ ያለው የጥገና ማዕከል ከአሜሪካና ከአውሮፓ የአቪዬሽን ባለሥልጣናት ፈቃድ ያለው ነው፤ የሌሎች አገር አየር መንገዶችን አውሮፕላኖችም ያስተናግዳል። ለዚህ ዳሰሳ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪስ ጋር በተደረሰ ስምምነት መሠረት የመንገደኛ ቦይንግ 767ቶችን አዲስ አበባ ላይ ወደ ጭነት አውሮፕላንነት የመለወጥ ሥራ ተጀመረ። ይህ ቀለም መቀየር አይደለም። በአውሮፕላኑ ጎን ላይ ከ3 ሜትር በላይ ስፋት ያለው መክፈቻ ይቆረጣል፤ ጎድኖቹ ተቆርጠው በዙሪያው በወፋፍራም አዳዲስ ጎድኖች ይተካሉ፤ የወለሉ ተሸካሚዎች ይቀየራሉ፤ መስኮቶቹ ይደፈናሉ። ጤናማን አካል በገዛ እጅ ቆርጦ፣ ያወጡትን ሸክም በሌላ መንገድ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ይህን የሠራ እጅ የተጎዳውን ለመጠገን አያንስም።

ሀዋሳስ? እዚህ ከባድ ጥገና የሚሠራ ሀንጋር የለም፤ እንዲኖር መመኘትም አሁን ቦታው አይመስለኝም፤ ሙያው ክምችት ይፈልጋል፣ ያም ቦሌ ላይ አለ። ነገር ግን ከተማችን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ድርሻ የላትም ማለት ስህተት ነው።

አንደኛው ድርሻ ሐይቃችን ነው። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የበላ ሁሉ አባ ኮዳን ያውቃል፤ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር የተጣለ አንጀት ሲለቅም ረጋ ያለ ሽማግሌ ይመስላል። ይህ ወፍ እስከ 9 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ ሲያገኝ አካሉ የሚፈተነው 1.8 ኪሎ ያህል በሚመዝን ወፍ ሲሆን ለጅራቱ 3.6 ኪሎ ነው። ስሌቱን አንባቢ ይሥራው። ወፍ ምን እንደሚያደርግ ኢትዮጵያ ታውቃለች፦ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው 737 የእርግቦች መንጋ ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶ ወደቀ፣ 35 ሰው ሞተ። ስለዚህ የዓሣ ተረፈ ምርትንና የከተማውን ቆሻሻ ከበረራ መስመር አርቆ በአግባቡ ማስወገድ የጽዳት ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ከተማ አስተዳደሩ ይህን ከአውሮፕላን ጥገና ወጪና ከሰው ሕይወት ጋር አያይዞ እንዲያየው እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ልጆቻችን ናቸው። በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ምሕንድስና የሚማሩ፣ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ብረታ ብረት የሚማሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። የውጥረትን ስሌት በወረቀት ያውቁታል። ብዙዎቹ ግን የእውነተኛ አውሮፕላን ጎድን፣ ማገርና ቆዳ በእጃቸው ዳስሰው አያውቁም። ከአገልግሎት ከወጡ አውሮፕላኖች የተቆረጠ አንድ የአካል ቁራጭ፣ ሁለት ሜትርም ቢሆን፣ ወደ ሀዋሳ በጭነት መኪና መምጣት ይችላል። በእሱ ላይ ሪቬት ያውጡ፣ ይስፉ፣ ተሳስተው ያንኳኩ፣ «ተበላሽቷል፣ አውጣው» ማለትን ይልመዱ። በከተማው ጋራዥ ያሉት የላሜራ ሠራተኞችም ቢጋበዙ ደስ ይለኛል፤ እጃቸው ከማንም አያንስም፣ የሚጎድላቸው መዝገቡና መለኪያው ነው። አየር መንገዱና ዩኒቨርሲቲው በዚህ ጉዳይ ቢነጋገሩ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ያን ቀን እንግዳዬን ይዤ ስመለስ ለሾፌሩ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለአንባቢም እሱኑ እላለሁ። ከሀዋሳ ስትሳፈሩ ደረጃውን ስትወጡ የአውሮፕላኑን ጎን አንድ ጊዜ እዩት። ስንጥቅ፣ ስርጉድ፣ የወለቀ ነገር ወይም የሚያንጠባጥብ ነገር ካያችሁ አትፈሩ፣ «እኔ ማን ነኝ» ብላችሁም አትለፉት፤ በሩ ላይ ለቆመችው አስተናጋጅ ንገሯት።